ዶሮ ወጥ በስሎው ኩከር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና ዶሮውን ጠዋት አንድ ላይ ስሎው ኩከሩ (ቀስ ብሎ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ ጨምሬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቀይ ሾርባ ሆኖ ጠበቀኝ። ምን አጠፋሁ?

አይዞሽ እህቴ፣ የእኔም የመጀመሪያው እንደዚያው ነበር። ባለቤቴ ቀምሶ «የዶሮ ሻይ ነው እንዴ?» አለኝ። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው። ድስት ላይ ስናቁላላው ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ስሎው ኩከር ግን እንፋሎቱን ክዳኑ ላይ ሰብስቦ መልሶ ያንጠባጥበዋል። ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም።

ስለዚህ ቁሌቱ ምድጃ ላይ ይሠራ። እኔ እሑድ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ፣ ያለ ዘይትና ያለ ውሃ አቁላላለሁ፤ ሊይዝ ሲል ብቻ ጠብ የምታደርግ ሙቅ ውሃ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቡናማ ሲሆን ንጥር ቅቤ፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ ቅቤው ከዳር ዳር ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ አልለቀውም። ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት የሚቀረኝ ቁሌቱን አሙቆ ከዶሮው ጋር መጨመር ነው።

ውሃ ስንት ልጨምር?

ምንም ማለት ይቻላል። ዶሮው ራሱ ያወጣል። ከቀጠነብህ መረቁን ድስት ላይ ገልብጠህ ክፍቱን አንተክትከው።

ሎው (ዝቅተኛው) ይሻላል ሃይ (ከፍተኛው)?

በብዙዎቹ ዕቃዎች ሁለቱም በመጨረሻ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ሃይ ቶሎ ይደርሳል። ለሱቅ ዶሮ ሎው ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ የምትውሉ ከሆነ ሰዓት ሲሞላ ራሱ ወደ ማሞቂያ የሚቀይረውን ግዙ። ፈረሰኛውን ተዉት፣ ይደርቃል፤ ታፋው ነው የሚችለው። ክዳኑንም እየከፈታችሁ አትዩ፣ በከፈታችሁ ቁጥር ይዘገያል።

እኔ መከለሻውን ጠዋት ነው የምጨምረው ልጄ፣ ማታ ግን ሽታው የለም።

እማማ፣ እርስዎ አገር ቤትስ መከለሻ መቼ ነበር የሚያደርጉት? ሊወጣ ሲል አይደል! እዚህም ያው ነው። ኮረሪማው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ መዓዛው አይተርፍም። የተቀቀለውንም እንቁላል ያኔ ይጨምሩት።

ደረቅ ቀይ ቦሎቄ በቀጥታ መጨመር ይቻላል?

በፍጹም! ይሄ የጣዕም ነገር አይደለም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ክፉኛ የሚያስታውክ የተፈጥሮ መርዝ አለው፤ የስሎው ኩከር ሙቀት ላያጠፋው ይችላል። አሳድራችሁ ውሃውን ድፉት፤ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ 30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ ከዚያ ወደ ስሎው ኩከር። ምስር ይሄ ጣጣ የለበትም።

ያለ ቁሌት የሚጥም ነገር የለም ታዲያ?

ቅቅል! ለዚህ ዕቃ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቅልጥምና ጎድን፣ ጨው፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ለአራት የተከፈለ፣ ውሃ ስጋውን እስኪሸፍን። ማታ ሎው ላይ ጥጄው እተኛለሁ፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ጅማቱ ሁሉ ቀልጦ መረቁ ከንፈር ላይ ያጣብቃል። ቃሪያውን ሰንጥቄ ሳወጣው ነው የምጨምረው።