ሶሊቶን የተረጋጋ ከሆነ ለምን ለሁለት ይከፈላል?

«በፋይበር ሌዘሬ ላይ የፓምፑን ኃይል ስጨምር አንዱ ፐልስ ሁለት ሆነብኝ። ሶሊቶን አይበገርም ይባል የለም እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይዞህ፣ ሌዘርህ ምንም አልሆነም። ሶሊቶን ማለት ሲጓዝ ቅርጹን የማይለቅ ፐልስ፣ ማለትም አጭር የብርሃን ብልጭታ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ሌዘሩን የሚመግበው ብርሃን ነው። ከእነዚህ ሌዘሮች ጋር ስሠራ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በ1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ በመደበኛ ፋይበር ውስጥ አጭር ሞገድ ከረጅሙ ይፈጥናል። ስለዚህ ፐልሱ እየተበተነ መስፋት ነበረበት። የኬር ውጤት (ጠንካራ ብርሃን የሚያልፍበትን መስታወት ባሕርይ መለወጡ) ግን የፐልሱን ፊት ወደ ረጅም ሞገድ፣ ኋላውን ወደ አጭር ሞገድ ይገፋዋል። ፊተኛው ይዘገያል፣ ኋለኛው ይደርስበታል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሀሰጋዋና ታፐርት ይህን በ1973 በስሌት አሳዩ፤ ሞለናወርና ባልደረቦቹ በ1980 በፋይበር ውስጥ አዩት።

ታዲያ ይህ ሚዛን ኃይሉንና ስፋቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። የፐልሱ ጉልበት እጥፍ ከሆነ ስፋቱ በግማሽ መጥበብ አለበት፤ የጫፍ ኃይሉም አራት እጥፍ ይሆናል። ሲጠብ ደግሞ ስፔክትረሙ (በውስጡ ያሉት የሞገድ ርዝመቶች ስርጭት) ይሰፋል። የማጉያው ፋይበር የሚያጎላው የሞገድ ክልል ግን ወሰን አለው። በዚያ ላይ ፐልሱ በሌዘሩ የፋይበር ቀለበት ውስጥ በየዙሩ ሲጎላና ሲዳከም ብርሃን ያንጠባጥባል። በስፔክትረሙ ግራና ቀኝ የምታያቸው ሹል ጫፎች እነሱ ናቸው። መኖራቸው ጤነኛ ነው፤ በጣም ሲረዝሙ ግን እኔ ፓምፑን መጨመር አቆማለሁ። ከዚያ በላይ የምትሰጠውን ኃይል አንዱ ፐልስ አይሸከመውም፣ ሁለተኛ ይወለዳል። ብዙ ጊዜም ሁለቱ እኩያ ናቸው።

መረጋጋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ተራ ፋይበር የምታስገባው ፐልስ የጫፍ ኃይሉ ከሚፈለገው በሩብ ያህል እንኳ ቢያንስ ወይም ሁለት እጥፍ ቢሆን፣ ራሱን አስተካክሎ ሶሊቶን ይሆናል፤ ትርፉን ይጥለዋል። ቀስ ያለ ብክነትንም ይችላል፤ እየደከመ ሲሄድ ይሰፋል እንጂ ወዲያው አይፈርስም። አራት እጥፍ ከሆነ ግን መተንፈስ ይጀምራል፤ ይጠብባል፣ ይመለሳል። ፐልሱ በጣም አጭር ከሆነ የራማን ውጤት (ብርሃኑ ለመስታወቱ ጉልበት እየሰጠ ወደ ረጅም ሞገድ መሸሹ) ያንን ዑደት ሰብሮ ይበታትነዋል።

አሁን ፓምፑን ቀስ እያልክ ቀንስ። ሁለተኛው ፐልስ በመጣበት ኃይል ላይ አይጠፋም፤ ከዚያ ዝቅ ማለት አለብህ። ኦሲሎስኮፑን ብቻ አትመን። ሁለቱ በጣም ከተጠጋጉ ዲቴክተሩ እንደ አንድ ያያቸዋል። ስፔክትረሙ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሞገድ መሰል ቅርጽ ካየህ፣ ሁለት ናቸው። እርግጠኛ ለመሆን ኦቶኮሬሌተር (ፐልሱን ከራሱ ቅጂ ጋር እያነጻጸረ በጣም አጭር ጊዜን የሚለካ መሣሪያ) ተጠቀም።

ተጨማሪ ጉልበት የግድ ካስፈለገህ ፐልሱን ከቀለበቱ አውጥተህ በሌላ ማጉያ አጉላው። ወይም ቀለበቱ ውስጥ ተቃራኒ ዲስፐርሽን ያለው (ረጅም ሞገድ ከአጭሩ የሚፈጥንበት) ፋይበር ቀጥልበት፤ ፐልሱ በየዙሩ እየሰፋና እየጠበበ ስለሚሄድ የተሻለ ጉልበት ይይዛል። ግን የሞድ ሎክ (ሌዘሩ ፐልስ እንዲያወጣ የሚያደርገውን) ማስተካከያ እንደ አዲስ መፈለግ ይኖርብሃል፣ እሱ አሰልቺ ነው።