ሁለተኛው በር ሲከፈት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ኤሌክትሮን አንድ በአንድ እየተላከ እንኳ ሁለት ቀዳዳ ሲያገኝ እንደ ሞገድ መስመር መስመር ይሠራል ይባላል። ብቻውን ከሆነ ከማን ጋር ነው የሚጠላለፈው? አስተማሪያችንን ብጠይቅ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ እለፊው» አለኝ። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ብዙ ጊዜ ጣፋጩ ፈተና ላይ የማይመጣው ነው።

እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ሁለት ሞተር ጀልባዎች ተነሡ። ሞገዳቸው እየተጠላለፈ ወደ ዳር መጣ። አንዲት የደንገል ታንኳ ዳር ላይ ታስራ ቆማለች። አንዴ ብድግ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ዙሪያዋ እየተናጠ እሷ ዝም። ጉብታ ከጉብታ ሲገናኝ ውሃው ያብጣል፤ ጉብታ ከጉድጓድ ሲገናኝ ይጠፋፋሉ። እስከዚህ ጉድ የለም።

ኤሌክትሮን ግን እንደ ውሃ ተንጣሎ ዳር አይደርስም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ጠብ ያደርጋል፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1989 የፊዚክስ ተመራማሪው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ይህን አሳዩ። (ቀዳዳ ሳይሆን በግራም በቀኝም የሚታለፍ ቀጭን ሽቦ ነበር የተጠቀሙት፤ ነገሩ ያው ነው።) 10 ነጥብ ሲሆን እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። 70,000 ገደማ ሲደርስ ግን እንደ ነጠላ ጥለት ቁልጭ ያለ መስመር ወጣ። አንዱ ሲያርፍ የሚቀጥለው ገና አልተነሣም፤ ስለዚህ እርስ በርስ አልተጋፉም።

ታዲያ ምን ከምን ተጠላለፈ? የአንዱ ኤሌክትሮን ሁለት መንገዶች። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1926 እንዳለው፣ የኤሌክትሮን ሞገድ የሚነግረን ኤሌክትሮኑ የት የመገኘት ዕድል እንዳለው ነው። ዕድል ራሱ ከዜሮ አይወርድም። ከበስተጀርባው ያለው ሞገድ ግን ፕላስም ማይነስም ይሆናል። መጀመሪያ የሁለቱ መንገድ ሞገድ ይደመራል፣ ዕድሉ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የሚያስደምመኝ ይኼ ነው፦ አንዱን በር (ቀዳዳውን ማለቴ ነው) ብቻ ክፈቺ፤ አንድ ቦታ ላይ ነጥብ ያርፋል። ሁለተኛውንም ክፈቺ፤ ያው ቦታ ባዶ ይቀራል! የቤተ ክርስቲያን በር ቢጨመር ሰው ይበዛል እንጂ መቼ ይጠፋል?

በየትኛው እንዳለፈ የሚመዘግብ ነገር ብታስቀምጪ ደግሞ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ሰው አየው አላየው ለውጥ የለውም፤ ምልክቱ ተመዝግቦ መቀመጡ ይበቃል። ባዶ የነበረው ቦታም ነጥብ ይገባበታል።