«የላርፕ አልባሳት ሥራ እንጀራ ይሆነኛል?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው፤ የምኖረው ጀርመን አገር፣ ካስል ከተማ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ለላርፕ ጨዋታ ልብስና የፎም ጥሩር መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሠራሁትን በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ አስቀምጣለሁ። በሐምሌ ለጓደኛዬ ሙሉ ጥሩር በ150 ዩሮ ሸጥኩ። ዕቃው 70 ዩሮ፣ ሥራው 32 ሰዓት ፈጅቶብኛል። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ሥሪልን ብለውኛል። ቤተሰቦቼ ግን ነርሲንግ ተማሪ ይሉኛል። ይህ ሥራ እንጀራ ይሆነኛል? ሙያ የሚባለውስ ስፌቱ ነው ወይስ ፎቶው? የሦስት ሥራዎቼን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ላርፕን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ እንግለጸው። ሰዎች የተረት ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ ሜዳና ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ ታሪኩን ለቀናት እየኖሩ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጎራዴው ከፎምና ከላቴክስ ይሠራል። ልብሱ ግን የምር ልብስ ነው፤ ይተኛበታል፣ ይሮጥበታል፣ ዝናብ ይመታዋል። ካንቺ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ዲመልሽታት ላይ የሚደረገው ድራኽንፌስት፣ ኒደርዛክሰን ውስጥ ደግሞ ብሮከሎ መንደር የሚካሄደው ኮንኩዌስት በየበጋው በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾችን ይሰበስባሉ። ስለዚህ ገበያ የለም አንልሽም።

መጀመሪያ የላክሽውን ሂሳብ እንየው። ከ150 ዩሮ የዕቃው 70 ሲቀነስ 80 ይቀራል። ይህ ለ32 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 የጀርመን ሕግ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው። በዚያ ቢሰላ ጥሩሩ 515 ዩሮ ገደማ ያወጣ ነበር፤ የመርፌው፣ የመብራቱና የተበላሸው ፎም ሳይቆጠር። ሦስቱ ጠያቂዎች ጥሩሩን በ515 ዩሮ ይገዙ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። መልሳቸው ከእኛ ምክር ይልቅ ገበያውን ያሳይሻል። እኛ እንደምናየው የላርፕ ልብስ ብቻውን የሙሉ ጊዜ እንጀራ የሚሆነው ለጥቂቶች ነው። ስፌቱ ግን በሕግ የታወቀ ሙያ ነው፤ ፎቶው ደግሞ የስፌትሽ ምስክር ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ያዢው።

አሁን ወደ ፎቶዎችሽ። አንድ አሠሪ የሚያያቸውን ነገሮች አይተንባቸዋል።

ጥቁሩ የፎም ጥሩር ቅርጹ ያምራል። ግን ትከሻው ላይ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ የጎኑ መጋጠሚያም አፉን ከፍቷል። ስንጥቁ የመጣው ቀለም በወፍራሙ ስለተቀባ ወይም ከሥሩ የሚለጠጥ ሽፋን ስለሌለው ይመስለናል። ኢቫ የሚባለው የጥሩር ፎም ሲታጠፍ ይለጠጣል፣ ደረቅ ቀለም ግን አይለጠጥም። ከመቀባትሽ በፊት ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያ ፎሙ ላይ ሳታቆሚ አሳልፊበት፤ ገጹ ትንሽ ሲያብለጨልጭ ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል ማለት ነው። ከዚያ የሚለጠጥ የጎማ ሽፋን በስሱ ሦስት አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከደረቀ በኋላ፣ ደራርቢበት። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው።

መጋጠሚያው የተከፈተው በማስቲሹ ምክንያት ነው። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ ከዚያ ጣት ሲነካው እስከማይያያዝ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ይጠበቃል። እርጥብ ሳለ ከተጋጠመ ሟሟው ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ፀሐይ ሲያገኘው ይላቀቃል። እርጥበት ባለው ምድር ቤት ወይም ድንኳን ውስጥ ስትለጥፊ ደግሞ ማስቲሹ ላይ ጤዛ ይይዝና አይነክስም። የከተሩን ምላጭም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የደነዘ ምላጭ ፎሙን እየጎተተ ስለሚቀደው ጠርዙ ማበጠሪያ ይመስላል፣ እንዲህ ያለ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንሻለን። ፎቶው ጥግ ላይ አልጋሽ ይታያል፤ የምትለጥፊው በምትተኚበት ክፍል ነው ማለት ነው። ተራ የአቧራ ማስክ የማስቲሽን ጢስ አያቆምም። ቡናማ ምልክት ያለው፣ ኤ2 የሚባለው የጋዝ ማጣሪያ ያስፈልግሻል፤ ፎም በብርጭቆ ወረቀት ስትሞርጂ ደግሞ የአቧራው ማጣሪያ ይጨመርበት። መስኮት ክፈቺ፣ ብትችዪ ደጅ ወጥተሽ ሥሪ።

አረንጓዴው ካባ ከጥጥ የተሠራ ነው። ለአንድ ሰዓት ፎቶ ይበቃል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ውኃውን ይዞ ይከብዳል፣ ሌሊቱን ሙሉም አይደርቅም። እናትሽ ጋቢ ስታጥብ አይተሽ ከሆነ ነገሩን ታውቂዋለሽ። የመንዝ ሰው ለብርዱና ለዝናቡ የበግ ጠጉር በርኖስ የለበሰው ያለምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል። ለካባ በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝን፣ ጥብቅ ሆኖ የተዳመጠ ሱፍ ግዢ። ስፋቱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለግማሽ ክብ ካባ ከነቆቡ ከ3 ተኩል እስከ 4 ሜትር ይበቃል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሱፍ ጠርዙ ስለማይተረተር አንዳንዴ መዘምዘም እንኳ አያሻውም። ርዝመቱን ቁርጭምጭሚት ላይ አታድርሺው። ጭቃ ይጠርጋል፣ የኋላ ሰውም ይረግጠዋል። ባት ላይ ይቁም።

ሦስተኛው፣ ሰማያዊው ቀሚስ ብብቱ ላይ ተቀዷል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስለ ፎቶ አነሳሽ ብዙ የምንለው አለን። ስልክሽን አትጣዪ፤ አቋቋምሽን ቀይሪ። ሰው አጠገብ ሆነሽ በሰፊው ሌንስ ስታነሺ ደረትና አፍንጫ ያብጣሉ፣ እግር ያጥራል፣ ቅድሽም የተበላሸ ይመስላል። ሦስት አራት ሜትር ራቂና ሁለት ጊዜ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሚ፤ ካሜራው በለባሹ እምብርት ከፍታ ይሁን። ደመናማ ቀን ወይም የማለዳና የማታ ፀሐይ ምረጪ። የቀትር ፀሐይ ቆቡ ሥር ያለውን ዓይን ያጠፋዋል። ጫካ መሃል ግቢ የሚል ምክር ትሰሚያለሽ፤ እኛ ግን የጫካው ጫፍ ላይ ቁሚ እንላለን። መሃሉ ላይ ቅጠሉ አረንጓዴ ጥላውን ፊት ላይ ያፈሳል፤ ነጭ ሊነንም የታመመ ቀለም ይይዛል።

ስለ ጠይም ቆዳ እዚህ የሚያስተምር ብዙ አታገኚም። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ከኋላ ብሩህ ሰማይ ካለ ፊትሽን ያጨልመዋል፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊ። ጠይም ፊት ፍሬሙን ከሞላው ደግሞ ከመጠን በላይ ያበራዋል፣ ቀለሙም ይገረጣል፤ ያን ጊዜ ከግማሽ ደረጃ በላይ ዝቅ አድርጊ። ሁሌም የምትለኪው በፊቱ ነው፣ በልብሱ አይደለም።

ካሜራ ስትገዢ አንድ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ ለቁም ፎቶ ብዙ ዓመት ያገለግልሻል። ለፍልሚያ ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ቅጽበት) ከ1/500 ሰከንድ አይዘግይ። ማታ እሳት ዳር 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ 1/125፣ አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ሞክሪ፤ የደበዘዘ ፎቶ ከሚወጣ ትንሽ ቢያሻክር ይሻላል። ፍላሽ ግን በጨዋታው መሃል አታብሪ፤ የሰዎቹን ዓለም ያፈርስባቸዋል። ከመጫንሽ በፊት ከትከሻቸው በስተጀርባ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መኪና ወይም ሽንት ቤት አለመኖሩን እይ። ጀርመን ውስጥ ሰው በምስሉ ላይ መብት ያለው እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣ ሕግ ነው፤ ከመለጠፍሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጆቹን። ሌላ ሰው ያንቺን ልብስ ቢያነሳም ፎቶው የእሱ ነውና አሠሪ ጋ ለማሳየት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዢ።

ፎቶን ዋና ሙያሽ አታድርጊ ያልንሽ በላርፕ ሜዳ ላይ በነጻ የሚያነሱ ብዙ ስለሆኑ ነው። በነጻ የሚሰፋ ግን እምብዛም የለም።

መንገዱ የልክ ስፌት አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ነው፤ ማስሽናይደሪን ይሉታል። ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ አብዛኛው ሥራ ቦታ፣ ቀሪው ትምህርት ቤት ሆኖ በፈተና ይዘጋል። የልብስ ስፌት ቤት ብቻ ሳይሆን ትልልቅ የመንግሥት ቴአትሮች የልብስ ክፍል ውስጥም ሰልጣኝ ይወሰዳል። ለአንቺ የሚስማማው ይሄኛው ነው፤ ጥሩር፣ ካባና ቆዳ እየተሠራ ያለው እዚያ ነውና። ከዚያ ወዲያ ለመማር ከፈለግሽ ድሬስደን ያለው የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የቴአትር አልባሳት ሥራ ያስተምራል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ቴአትር ብቻ አታመልክቺ፤ ለሥራ ሌላ ከተማ መሄድ የማትችዪ ከሆነ ዕድልሽ ይጠባል።

ለቤተሰቦችሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ነርሲንግም ሦስት ዓመት ነው፣ በሥልጠናው ጊዜ ከስፌት በጣም የተሻለ ይከፍላል፣ ሥራም አይጠፋም። እነሱ የሚፈሩት ያለ ወረቀት መቅረትሽን ይመስለናል። የስፌት አውስቢልዱንግም ወረቀት አለው። ቴአትር ቤት የሁለት ሳምንት ልምምድ ለምኚ፣ አንድ ሳምንት ደግሞ ሆስፒታል። ሁለቱንም አይተሽ ስትናገሪ ይሰሙሻል።

እስከዚያው መሸጥሽን ከቀጠልሽ ከተማው የንግድ ቢሮና የእጅ ሙያ ምክር ቤቱ ጋ ተመዝገቢ። ለስፌት የማይስተር (የሙያ መምህርነት) ወረቀት አይጠየቅም። ያለፈው ዓመት ሽያጭሽ ከ25,000 ዩሮ ካልበለጠ፣ በአነስተኛ ነጋዴ ደንብ የሽያጭ ግብር አትሰበስቢም።

ለማመልከቻው አሥራ አምስት ልብስ አታቅርቢ፤ አራት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ተገልብጦ የውስጥ ስፌቱን፣ በመጨረሻም ከአራት ቀን ጨዋታ በኋላ እንደቆሸሸ አንሺው። ከሥሩ ጨርቁ ስንት ሜትር እንደፈጀ፣ ክብደቱንና ሰዓቱን ጻፊ። የስፌት ክፍል ኃላፊ ፊቱን አይቶ ያልፋል፤ የውስጡን ስፌት ግን ቆም ብሎ ያያል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ቀሚስ። ብብቱ የተቀደደው እጅጌው ቀጥ ብሎ ስለተሰፋ ነው፤ ለባሹ ጎራዴ ሲያነሳ ጨርቁ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ስፌቱን ፍቺና 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ማዕዘኑ ወደ ጎን እንዲዞር አድርገሽ አስገቢበት። አዲስ ሊነን ከሆነ ቁራጩን ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ ካልታጠበ፣ ኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ስፌቱን ይጎትተዋል። ቀዳዳውን ግን ከመጠገንሽ በፊት ቀርበሽ አንሺው፣ ከጠገንሽውም በኋላ በዚያው ብርሃን፣ እጅ እንደተነሳ ድገሚው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገሽ የማመልከቻሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አውጪያቸው።