አላባማ ድረስ ምን ወሰዳቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሰሞኑን ማስል ሾልስ ስለምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ ዘጋቢ ፊልም አይቼ ነበር። አሪታ ፍራንክሊን፣ ዊልሰን ፒኬት፣ ሮሊንግ ስቶንስ ሁሉም እዚያ ሄደው ዘፈን ቀርጸዋል። ኒውዮርክና ለንደን ስንት ትልልቅ ስቱዲዮ እያለ እዚያች ትንሽ ከተማ ምን ፍለጋ ነው የሚሄዱት? መሣሪያው ይለያል እንዴ?
(ሙዚቃ ወዳድ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሣሪያው አይደለም ወዳጄ። የሚሄዱት ሰዎቹን ፍለጋ ነው።

ማስል ሾልስ ሰሜን አላባማ ውስጥ፣ ቴነሲ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በድህነት ያደገው ሪክ ሆል ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ፌም የተባለውን ድርጅት በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎረቤት ከተማ ፍሎረንስ ውስጥ ጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሦስቱ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ፣ ስሙን ይዞ የቀጠለው እሱ ነው። በ1961 ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ የነበረውን አርተር አሌክሳንደርን ቀረጸ። ሸክላው ተሸጠ። በዚያ ገንዘብ ሪክ እስከ ዛሬ የቆመውን ስቱዲዮ ማስል ሾልስ ላይ ሠራ።

ዋናው ታሪክ ግን አጃቢዎቹ ናቸው። ድራም ላይ ሮጀር ሆኪንስ፣ ቤዝ ላይ ዴቪድ ሁድ፣ ጊታር ላይ ጂሚ ጆንሰን፣ ኪቦርድ ላይ ባሪ ቤኬት። ስዋምፐርስ ይሏቸዋል። ከባሪ በፊት ኪቦርዱን ይዞ የነበረው ስፑነር ኦልድሃም ነው። ሁሉም የደቡብ ልጆች፣ ሁሉም ነጮች፣ ጥቁሮች የሚዘፍኑትን ሶልና ብሉዝ ሲሰሙ ያደጉ።

አሪታን እንይ። በ18 ዓመቷ ኮሎምቢያ ከተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተፈራርማ ዓመታት ቆይታለች። ድምፅዋን ሁሉም ያውቃል፣ የሚሆናትን ሙዚቃ ግን ያገኘላት የለም። ጃዝ አስዘፈኗት፣ የቲያትር ዘፈን አስዘፈኗት፣ አልሆነም። ውሏ ሲያልቅ የአትላንቲክ ኩባንያው ጄሪ ዌክስለር ወሰዳትና በጥር 1967 አላባማ ይዟት መጣ። ፒያኖው ላይ እንድትቀመጥ አደረጋት። አባቷ ሰባኪ ነው፣ እሷም ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፒያኖ እየነካች ነው፤ እጇ ፒያኖ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ትሆናለች።

መጀመሪያ ላይ ግን ሥራው አልሄድ አለ። አጃቢዎቹ ዘፈኑን በምን እንደሚጀምሩት ጠፋባቸው። ድንገት ስፑነር ኤሌክትሪክ ፒያኖው ላይ አንድ አጭር ዜማ መታ። ድራሙ ተከተለው፣ ቤዙ ገባ፣ አሪታ ዘፈነች፣ በሰዓታት ውስጥ ዘፈኑ አለቀ። ስንት ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን ድምፅ እዚያች ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን አገኘችው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የዚያው ቀን መጨረሻ ግን አላማረም። በባሏና በአንድ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች መካከል ጠብ ተነሳ፣ ማታ ሪክ ነገሩን ላብርድ ብሎ ሆቴል ሄዶ ጭራሽ አባባሰው፣ በነጋታው አሪታ ሄደች። ዳግም እዚያ አልቀረጸችም። ታዲያ ዌክስለር ምን አደረገ? አጃቢዎቹን ኒውዮርክ አስጠርቶ አልበሙን ከእነሱ ጋር አስጨረሳት። ለእኔ ለጥያቄህ ትልቁ መልስ ይሄ ነው። ኒውዮርክ ሙዚቀኛ አጥታ አይደለም። ስቱዲዮው አላባማ ቀርቶ ሙዚቀኞቹ ብቻ ሄዱ፣ ድምፁም አብሯቸው ሄደ።

አሠራራቸውም ይለያል። ያን ጊዜ በትልልቆቹ ከተሞች አቀናባሪው ኖታ ጽፎ ይመጣል፣ ሙዚቀኛው የተጻፈለትን ተጫውቶ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። እነዚህ ግን ዘፈኑን ይሰሙታል፣ ከዘፋኙ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እየነካኩ ቅንብሩን እዚያው ይፈጥሩታል። ሪክ ደግሞ እልኸኛ ነው። እስኪጥመው ድረስ ያስደግማቸዋል። ቦታው ራቅ ያለ መሆኑም ጠቅሟል፤ ማታ የምታመሽበት ቤት ስለሌለ ያለህ ነገር ሥራ ብቻ ነው።

በ1969 አራቱ ስዋምፐርስ ከሪክ ጋር ተለያዩ። ሼፊልድ ውስጥ ጃክሰን ሀይዌይ 3614 ላይ፣ ቀድሞ የሬሳ ሣጥን ይሸጥባት የነበረች ትንሽ ቤት ወስደው በዌክስለር ድጋፍ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ። አጃቢዎች ራሳቸው የስቱዲዮ ባለቤት ሲሆኑ አስበው! ዘፋኟ ሼር ቀድማ መጥታ የቤቱን ቁጥር የአልበሟ ርዕስ አደረገችው። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጥተው በሦስት ቀን ሦስት ዘፈን ቀርጸው ሄዱ። ዘፋኙ ፖል ሳይመን ደግሞ በ1972 ስቴፕል ሲንገርስ የተባለውን የጥቁሮች የዘፈን ቡድን ያጀቡትን ጥቁር ሙዚቀኞች አገናኙኝ ብሎ ጠየቀ፤ ሲመጣ ነጮች ሆነው አገኛቸው። ለአንድ ዘፈን ቀናት ይዞ፣ ዘፈኑ ቶሎ ስላለቀለት በተረፈው ጊዜ ሌሎች ዘፈኖች ሠራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሆነው አላባማ ውስጥ ነው። በ1963 የግዛቷ ገዢ ጥቁር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ በር ላይ ቆሞ የከለከለባት አላባማ። ዊልሰን ፒኬት ራሱ አላባማ የተወለደ ነው፤ በ1966 ሲመጣ ጥቁሮች አሁንም ጥጥ ሲለቅሙ አይቶ ተመልሶ ለመሄድ ዳድቶት ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብረው ሠርተዋል። ያ ግን ውጪ ያለውን አልቀየረውም፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ክፍሏ ዘረኝነትን ያጠፋች አስመስሎ ሲያወራ አልወድም። በሩን ከፍተው ሲወጡ የሚጠብቃቸው ያው አላባማ ነበር።

ጥያቄ፦ ያ ቤት አሁንም አለ? አላባማ የሚኖር ዘመድ አለኝ፣ ስሄድ ማየት እፈልጋለሁ።
(እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም አሉ እህቴ። ጃክሰን ሀይዌይ ያለው ታድሶ በ2017 ተከፍቷል፣ ጎብኚም ይቀበላል፣ ቀረጻም ይሠራበታል። ፌምም ሥራ ላይ ነው፣ ጎብኚ ያስገባል። ሪክ ሆል በ2018 መጀመሪያ አርፏል። ከሄድሽ ሁለቱንም እዪ፣ በመኪና ብዙም አይራራቁም።

ጥያቄ፦ እኔ ጀማሪ ድምፃዊ ነኝ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ትንሽ ነው። ስም ያለው ስቱዲዮ ገብቼ ልቅረጽ ወይስ ጓደኛዬ ቤት ያለው ይበቃኛል?
(ድምፃዊው፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላይኛውን መልስ ካነበብክ ምን እንደምልህ ገምተሃል። ገንዘብህን መጀመሪያ ለሙዚቀኛ አውጣ። ጥሩ ክፍልና ጥሩ ማይክ ይጠቅማል፣ አልክድም፤ ዜማህን ያልገባው ሰው ሲያጅብህ ግን የትኛውም ማይክ አያድንህም።

እኛም እኮ ይሄን እናውቀዋለን። በካሴት ዘመን ሮሃ ባንድ ስንቱን ዘፋኝ እንዳጀበ አስብ። ዘፋኙ ሲለዋወጥ ልጆቹ አብረው ነበሩ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል፣ ለዚህ ነው ያ ሥራ ዛሬም የሚደመጠው። በኋላ አንድ ኪቦርድ ሁሉንም ሲተካ ወጪው ቀነሰ። የቀረብን ነገር ግን ብዙ ነው፣ እኔ በበኩሌ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ እዚያው ባሕር ዳር አብረው የሚጫወቱ ልጆች ፈልግ። ምሽት ክበብ ውስጥ አታጣቸውም። ድራሙና ቤዙ የተግባቡ ይሁኑ፣ ከዚያ ጊታር ወይም ኪቦርድ ጨምር። ስቱዲዮ ከመግባትህ በፊት ዘፈኑን አብራችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት። ስትቀርጹ ሁላችሁም አንድ ላይ ሁኑ፣ አንተም አብረሃቸው ዝፈን፣ ድምፅህን በኋላ ማስተካከል ቢያስፈልግ እንኳ እነሱ የሚከተሉት ሰው ያገኛሉ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ድራሙን ራቅ አድርጉት፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። የክፍያውንም ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩና በጽሑፍ አድርጉት፣ ሸክላ ወይም ሲዲ ባይወጣም ዩቲዩብ ላይ ስትለቀው የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ጻፍ።