ወደ ቼክ ለምትሄዱ ልጆቼ፦ በሰላምታቸው ተጫወቱ

ልጆቼ፣

ዘንድሮም ለትምህርት ወደ ፕራግና ወደ ብርኖ የምትሄዱ አላችሁ። እኔ አገሪቱ ገና ቼኮዝሎቫኪያ ስትባል እዚያ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ የሚመክራችሁ አይጠፋም። ስለ ሰላምታ ግን የሚነግራችሁ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ልጆቻችን ቋንቋውን አሳምረው ይዘው፣ ፈተናውንም አልፈው፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ግን እንደ እንግዳ ሆነው ይመረቃሉ። አንዱ ምክንያት ጨዋታው ውስጥ ለመግባት ማፈራቸው ነው።

የቋንቋ መምህራችሁ መጀመሪያ የምታስይዛችሁ «ዶብሪ ዴን»፣ ማለትም «መልካም ቀን» የሚለውን ነው። ሱቅ ስትገቡ በሉት። ሐኪም ቤት ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ በሉት። ሊፍት ውስጥ ለማታውቁት ሰውም በሉት፤ ስትወርዱ ደግሞ «ና ስኽለዳኖው» ብላችሁ ተሰናበቱ። እዚያ ዝም ብሎ መግባትና ዝም ብሎ መውጣት እንደ ብልግና ይቆጠራል።

የተማሪ ዶርም ኮሪደር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «አሆይ»፣ «ቻው»፣ «ቹስ» ትሰማላችሁ። አሆይን አቆላምጠው «አሆይኪ» ይሉታል። ናዝዳር የሚለውን ሰላምታ ቤት አስመትተው «ናዝዳር ባዛር» ይላሉ። ቻውን ከድመት ድምፅ ጋር አጋብተው «ቻውኪ ምኛውኪ» ይሉታል። ባዛሩም ድመቷም እዚያ የገቡት ለቤት መምቻ ብቻ ነው። ይህን የሚለው ልጅ ብቻ አይደለም፤ የተከበረ ሐኪምም ለወዳጁ ይለዋል። እኛ «እናትዬ»፣ «ወንድምዬ» ስንል የምናወጣው ፍቅር እዚያም አለ።

ቻው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃሉ ለእኛም ለእነሱም ከጣልያን የመጣ ነው። እኛ የምንለው ስንለያይ ነው። እነሱ ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፤ አሆይም እንደዚሁ። በር ከፍታችሁ ስትገቡ «ቻው!» ብትባሉ አባረሩኝ ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

እነዚህን ቃላት ቀላል ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቼኮች በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ሆነው፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጫወት ብሔራዊ ቴአትር ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። «ናዝዳር» ከዚያ መዋጮ መፈክር የወጣ ሰላምታ ነው፤ «ለቴአትሩ መሳካት» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተው ሶኮል የተባለው የስፖርት ማኅበር የራሱ ሰላምታ አደረገው። ቴአትሩ ዛሬም ፕራግ ውስጥ ቭልታቫ ወንዝ ዳር ቆሟል። አሆይ ደግሞ የመርከበኞች ጥሪ ነበር። ባሕር በሌላት አገር ያስፋፉት ታንኳ ቀዛፊዎችና ቅዳሜና እሑድ ጫካ የሚያድሩ ወጣቶች ናቸው። ዛሬም በጋ ላይ ወንዝ ብትወርዱ፣ ታንኳ ላይ ያለ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ አሆይ ይባባላል።

በእኛ ጊዜ ከላይ የወረደ ሰላምታም ነበር። «ቼስት ፕራትሲ» ይባላል፤ ክብር ለሥራ ማለት ነው። በስብሰባና በመሥሪያ ቤት ይባል ነበር፣ «ጓድ» ከሚል ቃል ጋር። ከደርግ አገር ለመጣን ልጆች አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ሲወድቅ ሰላምታውም አብሮ ቀረ። ማንም ያላዘዘው አሆይ ግን አለ። ሰው ወዶ የፈጠረውን ቋንቋ እንደዚህ የምወደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ ልምጣ። ቼኮችም እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አላቸው። አሆይና ቻው የ«አንተ» ሰላምታ ናቸው። ተማሪ ለተማሪ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይባባላል፤ ፈቃድ አትጠብቁ። ለፕሮፌሰር፣ ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለጎረቤት እናት ግን ዶብሪ ዴን ነው። «አንተ እንባባል» የማለት መብት የታላቁ፣ የሴቷ ወይም የአለቃው ነው። ሲጠይቋችሁ እጅ ትጨባበጣላችሁ፣ ስማችሁን ትነጋገራላችሁ፣ አለቀ።

የእኛ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ፀጉሩ የሸበተ ሰው «አንተ በለኝ» ሲላቸው «ኧረ በስመ አብ!» ብለው በእርስዎ ይቀጥላሉ። በእኛ ቤት ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ሰውየው የዘረጋውን እጅ እንደመመለስ ነው። እባካችሁ ተቀበሉት። አክብሮታችሁ በሥራችሁና በአነጋገራችሁ ይታያል።

ስም ሲጠሩ ደግሞ መጨረሻውን ይለውጡታል። ያና የምትባል ልጅ «አሆይ፣ ያኖ!» ትባላለች። ስለዚህ ግርማ የሚባል ልጅ አንድ ቀን «አሆይ፣ ግርሞ!» ቢባል ስሜን አበላሹት ብሎ አያርማቸው። በሰዋስዋቸው ውስጥ እንደ ቤተኛ አስገብተውታል ማለት ነው።

ስንብታቸው እንደ እኛ እስከ በር ድረስ የሚሸኝ ሁልጊዜ አይደለም። ስልክ ላይ ግን «ታክ ዮ፣ ታክ ዛቲም፣ ምኜይ ሴ፣ ቻው፣ ቻው ቻው» እያሉ ይደራርቡታል። ታክ ዮ «እሺ በቃ» ነው፤ ዛቲም «እስከዚያው» ነው፤ ምኜይ ሴ «ደህና ሁን» ነው። እናንተም አንዱን «ቻው» ብላችሁ ስልኩን ጥርቅም አታድርጉት። ሁለት ሦስቴ መልሱላቸው። ዶርም ውስጥ አንዱ «ቻውኪ» ብሏችሁ ሲያልፍም «ምኛውኪ» በሉት። አነጋገራችሁ ትክክል ይሁን አይሁን አትጨነቁ፤ ቆሞ ያነጋግራችኋል።