ባለ 7 ፈረስ ጉልበት የቅርንጫፍ መክተፊያ ደሴ ላይ ይበቃል?

ወንድሜ፣ «አጥር እየከረከምኩ፣ ዛፍ እየቆረጥኩ ነው የምሠራው፤ ባለ 7 ፈረስ ጉልበት የቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ለጥድ አጥር ቅጠልና ለአውራ ጣት ውፍረት እንጨት ይበቃል። ለባሕር ዛፍ ግን አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ደግሞ ሻጩ አይነግርህም።

1. ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የሚገኘው ነው። ቤንዚን ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 7ቱ 5 ሆኖ ይቀራል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ብትሠራ 5 ተኩል ገደማ ነው። ባለ 15ቱ ደሴ ላይ ከ10 ትንሽ በላይ ይሰጥሃል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚችለውም እሱ ነው። «እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ይከትፋል» ከተባለ 6 ብለህ ያዝ። ክብደቱ ግን አይናቅም፤ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ደረጃማ መንደሮች ማሽኑን ከምትሸከም ቅርንጫፉን መኪና መንገድ ድረስ ማውረድ ይሻላል።

ማርሚታው ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ካንዴላውም ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ለቀጭኑ አየር በዝቷል ማለት ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ቤንዚን የምታሳልፍ ዋና ጄት ቀዳዳዋ በጠበበ ትቀየር። ጭሱ ይጠፋል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፤ የከፍታው ጉልበት ግን አይመለስም። በዚያው ጄት አፋር ወርደህ እንዳትሠራ፣ ቤንዚን እያነሰው ሞተሩ ይግላል።

2. ክዳኑን ሳታስከፍት ብር እንዳትቆጥር። የከብት መኖ ቾፐር ቀለም ተቀብቶ «የእንጨት ነው» እየተባለ ይሸጣል፤ በዚህ የተበላው ሰው ብዙ ነው። የመኖው ምላጭ ስስ ነው፣ እንጨት ሲነካ ይታጠፋል። የእንጨቱ ወፍራም ቢላዋ በከባድ ዲስክ ወይም ከበሮ ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ፊት ለፊቱም የማይንቀሳቀስ ቋሚ ቢላዋ አለው። «ፋብሪካው አሽጎታል፣ አይከፈትም» የሚልህን ነጋዴ ደህና ዋል ብለህ ሂድ።

በተሽከርካሪውና በቋሚው ቢላዋ መካከል ያለው ክፍተት 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ሁለት የሴጌቶ ምላጭ ደርበህ ጠበብ ብሎ ካለፈ ደህና ነው። ሲሰፋ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ይላጠዋል፣ ልጡ ረዝሞ ዘንጉ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል። ከቁርጥራጭ ይልቅ ዱቄት መትፋት ከጀመረ ደግሞ ቢላው ደንዝዟል። ሁለቱን ተሽከርካሪ ቢላዎች አብረህ አስል፣ ክብደታቸው እኩል ይሁን፤ አንዱ ከቀለለ ማሽኑ ይንቀጠቀጥና ኩሽኔታውን ይበላል። ግራይንደር ላይ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬው ስለሚሄድ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይንከሩት።

ኩሽኔታው ዩሲፒ (UCP) 205 ወይም 206 የሚባለው ባለ መቀመጫ፣ ቺንጋው ተራ ቢ ዓይነት ከሆነ የወፍጮ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አታጣም። ልዩ መጠን ያለው ከሆነ ግን ማሽኑ የሚቆምበት ቀን ሩቅ አይደለም።

የምታስገባውን ምረጥ። ቅንጭብ ፈጽሞ አታስገባ፤ ወተቱ ይረጫል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው። አሮጌ አጥር ውስጥ ሽቦና ሚስማር ግንዱ ውጦት ይገኛልና ከመክተፍህ በፊት በእጅህ ዳብስ። አፈር ያለበት ሥር አይግባ። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ይከተፍ፣ ሲደርቅ ቢላዋ ፈጂ ነው። እርጥብ ቅጠል ብቻውን መውጫውን ስለሚደፍን ወፈር ያለ እንጨት እያፈራረቅህ ስጠው፣ እንጨቱም በወፍራም ጫፉ ይግባ። ሲደፈን ሞተሩን አጥፋ፣ ዲስኩ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጠብቅ፣ የካንዴላውን ሽቦ ንቀል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚገባው። ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ለብሶ የመጣ ረዳት ያን ቀን ቅርንጫፍ ይጎትት እንጂ ማሽኑ አፍ ላይ አይቁም።

አዲስ ሞተር ብዙውን ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣ። ባለ 7ቱ 0.6 ሊትር፣ ባለ 13ና 15ቱ 1.1 ሊትር ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ይቀየር። ዘይት ሲያንስ ሞተር የሚያጠፋ ሴንሰር ካለው ተዳፋት ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ያለ ምክንያት የጠፋ ይመስልሃል። ካርቡራተር ከመፍታትህ በፊት ዘይቱን እይ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገህም ማሽኑን አስተካክልና አስነሣው።