ስለ ቁርጥማትና የባህል መድሃኒት ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሮች፣ የባህል እፅዋትን አይጥ ላይ የምንሞክር ፋርማኮሎጂስት ነኝ፣ ዛሬ ማታ ጊዜ ስላለኝ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ሜቶትሬክሴት (ሐኪም ለቁርጥማት የሚያዘው ክኒን) የምትወስዱ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ቅጠልም እንዳትደርቡበት። ዶዝ ደግሞ ለማንም አልነግርም።

የማራኪዋ፦ ዶክተር እግሬን ያመኛል ምን ቅጠል ይሻለኛል?

መልስ፦ ጉልበት ነው ጣት? አንዱ ነው ሁለቱም? ጠዋት ስትነሺ ይደርቃል? በሽታው ሳይታወቅ ቅጠል አይመረጥም፣ መጀመሪያ ታይተሽ ነይ።

ቀበሌ 18፦ ዳማከሴ አይጥ ላይ እብጠት ቀነሰ ይባላል፣ ታዲያ ለምን ፋርማሲ አይገባም?

መልስ፦ እሰይ፣ ይቺን ነበር ስጠብቅ። አብዛኛው "እብጠት ቀነሰ" የሚባለው ጥናት በካራጊናን ነው የሚሰራው፣ ከባህር አረም የሚወጣ ነገር ነው፣ የአይጧ መዳፍ ላይ ትወጋዋለህ በሰአታት ውስጥ ያብጣል፣ ቅጠሉ ቀድሞ የተሰጣት አይጥ እብጠቷ ካነሰ በቃ "ጸረ ብግነት" ተብሎ ይጻፋል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ መመረቂያ ለቸኮለ ተማሪ አንደኛ ነው። ግን ያ የአንድ ከሰአት እብጠት ነው እንጂ ቁርጥማት አይደለም! ወደ ቁርጥማት የሚጠጋው የፍሮይንድ አድጁቫንት ነው፣ የሞተ የቲቢ ባክቴሪያ በዘይት ተበጥብጦ ሲወጋ የአይጧ የራሷ መከላከያ ተነስቶ መገጣጠሚያዋን ያጠቃል፣ ከ10 ቀን በኋላ ያልተወጋው እግር ሳይቀር ያብጣል፣ እስከ 21 ወይ 28 ቀን ትለካለህ፣ መጨረሻ ላይ መገጣጠሚያውን በማይክሮስኮፕ ታያለህ። እብጠቱ ጠፍቶ ካርቲሌጁ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት) ከተበላ ምን ዋጋ አለው? ሌላው ደግሞ እኛ ብዙ ጊዜ በ80 ፐርሰንት ሜታኖል (የአልኮል አይነት) ነው የምንዘፈዝፈው፣ እናትህ የምታፈላው በውሃ ነው፣ ስለዚህ የተሞከረውና የምትጠጣው አንድ ነገር አይደለም። የአይጥ ዶዝ በራስህ ኪሎ እንዳታባዛ ደግሞ!!

አዘዞ፦ እናንተ የደብተራውን እውቀት ወስዳችሁ ወረቀት ትጽፉበታላችሁ እሱ ምን አገኘ? እንዶድን አታስታውሱም? ፓተንቱን (የባለቤትነት መብቱን) አሜሪካኖቹ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ላይ አወጡት

ፒያሳ፦ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማም ስሙ አለበት እኮ ፓተንቱ ላይ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያየው ራሱ ነው

አዘዞ፦ ስሙ ኖረ አልኖረ የአድዋ ገበሬ ምን ደረሰው?

መልስ፦ ጥያቄው ልክ ነው ግን ለብቻው ተነጋገሩበት፣ ቁርጥማት ላይ ነን።

ልጅ ከመተማ፦ አያቴ ለቁርጥማት እጣን ታኝካለች፣ ይሰራል?

መልስ፦ ሙጫው ውስጥ ቦስዌሊክ አሲድ አለ፣ 5-ሊፖክሲጂኔዝ የሚባለውን ብግነት የሚያቀጣጥል ኢንዛይም ያግዳል። የህንዱ ዝርያ ለጉልበት መሸርሸር በሰው ላይ ተሞክሯል፣ የመተማው ግን ፓፒሪፌራ የሚባለው ዝርያ ነው፣ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጠውን "የእጣን ዘይት" አትግዛላት፣ ዘይቱ የሚወጣው በእንፋሎት ነው፣ ቦስዌሊክ አሲድ ግን በእንፋሎት አይወጣም፣ እዛው ሙጫው ውስጥ ይቀራል። መተማ ላይ ተቀምጠን የህንዱን ክኒን ማስመጣታችን ነው የሚያበግነኝ።

እህተ ማርያም፦ ጠበልስ?

መልስ፦ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። ክኒኑን ግን አታቋርጪ።

የማራኪዋ፦ እሺ ለጉልበት ምን ቅጠል?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

ቀበሌ 18፦ አጎቴ ከአንድ ሰው የገዛውን ዱቄት ወስዶ በሁለት ቀን ተሻለው፣ አሁን ወር ሆኖታል

መልስ፦ በሁለት ቀን? ፊቱ አብጧል? እንዲህ ያለ "ቅጠል" ውስጥ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ ነው) ወይ ዳይክሎፌናክ (የህመም ማስታገሻ) ተቀላቅሎ ብዙ አገር ላይ ተይዟል። ስኳሩና ግፊቱ ይታይ። ስቴሮይድ ከሆነ ከወር በኋላ በአንዴ ማቆምም አደጋ አለው፣ ዱቄቱን ይዞ ነገውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

እህተ ማርያም፦ ግራዋስ ልጠጣ?

መልስ፦ ሜቶትሬክሴት ትወስጃለሽ?

እህተ ማርያም፦ አዎ ማክሰኞ ማክሰኞ

መልስ፦ ታዲያ ገና ስንጀምር ምን አልኩ! የጉበት ምርመራሽ ቢበላሽ ከክኒኑ ይሁን ከግራዋው ሐኪምሽ በምን ታውቃለች? አትጠጪ።